የተባይ ማጥፊያ መርዝ በትንሽና በትልቅ ዓሣ አካል ውስጥ እንዴት እንደሚከማች

በሐይቅ፣ በወንዝና በኩሬ አጠገብ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ጎመን የምታለሙ ገበሬዎች ተባይን ለመከላከል መድኃኒት ትረጫላችሁ። ሰብልን ከትልና ከሻጋታ ማዳን ተገቢ ነው። ነገር ግን በማሳ ላይ የተረጨው ሁሉ በማሳው ላይ አይቀርም። ጥቂቱን ነፋስ ይወስደዋል፤ ጥቂቱን ዝናብ ከአፈር ጋራ አጥቦ ወደ ውሃ ያወርደዋል፤ መርጫው በውሃ ዳር ሲታጠብ ደግሞ የተረፈው በቀጥታ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ገበሬው ወደ ውሃው ተመልክቶ ትልልቁ ዓሣ እንደ ወትሮው ሲዋኝ ቢያይ፣ «ውሃው ምንም አልሆነም» ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ያሳስታል። ትልቅ ዓሣ በሕይወት መኖሩ የውሃውን ንጽሕና አይመሰክርም። ትንሹ የሚሞትበትን መርዝ ትልቁ ችሎ፣ በስቡ ውስጥ አከማችቶ ሊኖር ይችላልና። ያንን ዓሣ አጥምዶ ለልጆቹ የሚያበላውም ያው ገበሬ ነው። ስለዚህ የእንስሳው ትልቅነትና ትንሽነት ከመርዙ መከማቸት ጋራ ያለውን ግንኙነት ቀጥለን እናስረዳለን።

ትንሹ ቶሎ ይቀበላል፤ ቶሎም ያስወጣል

ቡና በሲኒ ሲቀዳ ወዲያው ይበርዳል፤ በጀበና የቀረው ግን ለረዥም ጊዜ እንደ ሞቀ ይቆያል። ሥጋም ለቋንጣ በቀጭኑ ሲዘለዘል ጨውና በርበሬ ቶሎ ይገባዋል፤ ቶሎም ይደርቃል። ሳይዘለዘል እንደ ሙዳ ቢቀር ግን ጨዉ ወደ ውስጥ ለመድረስ ብዙ ቀን ይፈጅበታል። ምክንያቱ አንድ ነው። ትንሽ ነገር ከክብደቱ ጋራ ሲመዛዘን ሰፊ ገላ አለው፤ ትልቅ ነገር ግን ከክብደቱ ጋራ ሲመዛዘን ገላው ጠባብ ነው።

በውሃ ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትም እንዲሁ ናቸው። የውሃ ቁንጫ፣ የትንኝ ዕጭ፣ የእንቁራሪት ልጅና ገና የተፈለፈለ ጫጩት ዓሣ ከክብደታቸው ጋራ ሲመዛዘን ሰፊ ገላና ሰፊ መተንፈሻ አላቸው። ዓሣ የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው፤ በስንጥቡ የሚያልፈው ውሃ መርዝ ካለበት መርዙ ከዚያ ወደ ደሙ ይገባል። ትንሹ እንስሳ ለአንድ ግራም አካሉ ከትልቁ የበለጠ ውሃ ስለሚያሳልፍ፣ መርዙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞላዋል። ብርቱ መርዝ ወደ ውሃ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ጥቃቅኖቹ ቀድመው የሚያልቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ትንሹ ከመሞት ቢተርፍና ውሃው ቢጠራለት፣ እንደ ሲኒው ቡና ፈጥኖ ይመለሳል። በገባበት መንገድ መርዙን ያስወጣል፤ በአካሉም ውስጥ ያለው አሠራር ፈጣን ስለ ሆነ መርዙን ቶሎ ይለውጠዋል። ትልቁ ዓሣ ግን እንደ ጀበናው ነው። የገባበት ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ የሚወጣውም እጅግ ቀስ ብሎ ነው።

በግምት ሲታይ፣ የአንድ እንስሳ ክብደት 16 እጥፍ ሲሆን መርዙን የማስወጣት ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል፣ 50 ግራም የሚመዝን ዓሣ ካለበት መርዝ ግማሹን ለማስወጣት 30 ቀን ቢፈጅበት፣ የዚያው ዓይነት 800 ግራም የሚመዝን ዓሣ 60 ቀን ያህል ይፈጅበታል ማለት ነው።

የትልቁ ዓሣ ጎተራ

ጎተራ የሚሞላው የሚገባው እህል ከሚወጣው ሲበልጥ ነው። በየወሩ ሁለት ቁና አስገብቶ አንድ ቁና የሚያወጣ ሰው፣ የሚያስገባው ጥቂት ቢሆንም ከዓመት በኋላ ጎተራው 12 ቁና ይዞ ይገኛል። የትልቅ ዓሣ ስብም እንዲህ ያለ ጎተራ ነው።

እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ያሉት መርዞች በውሃ አይሟሙም ለማለት ይቻላል፤ በስብ ግን በቀላሉ ይሟሟሉ። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ከመንሳፈፍ ይልቅ በጭቃውና በሕያዋን ስብ ውስጥ መስፈርን ይመርጣሉ። በዓሣ አካል ውስጥ የሚገኘው መጠን በዙሪያው ባለው ውሃ ውስጥ ከሚገኘው በብዙ ሺሕ እጥፍ ሊበልጥ የሚችለውም ስለዚህ ነው። ትልቁ ዓሣ ጎተራውን የሚሞሉ ሦስት ነገሮች አሉት።

አንደኛ፣ ዕድሜው ረዥም ነው። ትንሹ ዓሣ የጥቂት ወራት ነው፤ ትልቁ ግን ብዙ የርጭት ወቅት አሳልፎአል። ሁለተኛ፣ የሚያስወጣው ቀስ ብሎ ነው። ሦስተኛ፣ አፉ ሲሰፋ ምግቡ ይለወጣል። ጫጩት ሳለ ጥቃቅን ነፍሳትን ይበላ የነበረው አምባዛ፣ ካደገ በኋላ ሌላ ዓሣ ይውጣል። የሚውጠው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከብዙ ነፍሳት መርዝ የሰበሰበ ነው፤ ነፍሳቱም ከብዙ አልጌ የሰበሰቡ ናቸው። ትልቁ በአንድ ጉርሻ የብዙዎችን ድካም ይወርሳል። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለመልካም ነገር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በስብ ውስጥ የተቀመጠ መርዝ ደግሞ ተኝቶ አይቀርም። ምግብ ሲያጥር ወይም ዓሣው ለመራባት ሲደክም ስቡን ያቀልጣል፤ በዚያን ጊዜ መርዙ ወደ ደሙ ይመለሳል። ስለዚህ በርጭት ጊዜ ደኅና የነበረ ዓሣ ከብዙ ወራት በኋላ ሊጎዳ ይችላል።

ከውጭ አገር የተገኘ ምሳሌ

በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ክሊር ሌክ የሚባል ሐይቅ አለ። በዚያ ሐይቅ የማትናከስ ነገር ግን በብዛቷ ሰውን የምታስቸግር ትንኝ ነበረች። እርስዋን ለማጥፋት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 እ.ኤ.አ. የዲ.ዲ.ቲ. ዘመድ የሆነው ዲ.ዲ.ዲ. ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ይህ መድኃኒት የተመረጠው ዓሣን ብዙም አይጎዳም ተብሎ ነበር። መጠኑም እጅግ ጥቂት ነበር፤ በኋለኞቹ ሁለት ጊዜያት የተጨመረው ከ50 ሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ አንድ እጅ ብቻ ነበር።

ሆኖም በ1954 ክረምት፣ ዓሣ የሚበሉ ግሪብ የሚባሉ የውሃ ወፎች ከመቶ በላይ ሞተው ተገኙ። በኋላም እንዲሁ ሞቱ። ምርመራ ሲደረግ በጥቃቅኖቹ የውሃ ሕያዋን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 5 እጅ ያህል ተገኘ፤ እነርሱን በሚበሉ ዓሦች ከ40 እስከ 300 እጅ፤ ዓሣ በሚበሉ ዓሦች ዘንድ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከአምባዛ ወገን በሆነ በአንድ ዓሣ ስብ ውስጥ የተገኘው 2,500 እጅ ነበር። በሞቱት ወፎች ስብም 1,600 እጅ ያህል ተገኘ። ከርጭቱ በፊት ከ1,000 ጥንድ በላይ የነበሩት ወፎች በ1960 ወደ 30 ጥንድ ገደማ ወረዱ።

እንግዲህ አስተውሉ። ዓሦቹ መርዙን ተሸክመው ይዋኙ ነበር። በሐይቁ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ውሃው ጤናማ ይመስል ነበር።

በአገራችን ሐይቆች

ዲ.ዲ.ቲ. በአገራችን የወባ ትንኝን ለመከላከል በቤት ግድግዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ተረጭቶአል። በ2001 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የተፈረመውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ዲ.ዲ.ቲ.ን ለእርሻ መጠቀምን ከልክሎ፣ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቅዶአል። ለጥጥና ለሌላም ሰብል ይውል የነበረው ኢንዶሰልፋንም በ2011 በዚሁ ስምምነት ውስጥ ገብቶአል። ነገር ግን ዲ.ዲ.ቲ. በአፈርና በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ርጭቱ ቢቆምም ቅሪቱ አይቆምም።

በ2010ዎቹ ዓመታት በዝዋይ፣ በቆቃና በሐዋሳ ሐይቆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዲ.ዲ.ቲ.ን ቅሪት በዓሣ ሥጋ ውስጥ አግኝተዋል። ነፍሳትንና ሌላ ዓሣን በሚበላው በቢልጫ የተገኘው መጠን፣ ይበልጡን አልጌ በሚበላው በቆሮሶ ከተገኘው የበለጠ ነበር።

ዝዋይን ብንመለከት፣ ሐይቁ ጥልቀት የሌለው ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ይወጣለታል። በዳርቻው ብዙ ገበሬዎች በሞተር ውሃ እየሳቡ አትክልት ያለማሉ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ከማሳ የሚወርደው መርዝ ከጭቃውም ከዓሣውም አይርቅም። ዓሣ አጥማጁና አትክልት አልሚው ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሰው ናቸው።

ትልቅነት ብቻውን አይፈርድም

«እንግዲያው ትልቅ ዓሣ ሁሉ መርዛም ነው» ማለት ግን ስሕተት ነው። የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሀ) ምግቡን ተመልከቱ። ትልቅ ቆሮሶ አልጌ እየበላ ያደገ ከሆነ፣ ከእርሱ ያነሰ ዓሣ በል ቢልጫ የበለጠ መርዝ ሊይዝ ይችላል።

ለ) ዕድገቱን ተመልከቱ። ጨው የበዛበት ወጥ ውሃ ሲጨመርበት ጨዉ አይወጣም፤ ጣዕሙ ግን ይቀንሳል። በኩሬ ውስጥ በደኅና ምግብ ፈጥኖ የሚያድግ ዓሣም እንዲሁ ነው። ከ50 ግራም ወደ 100 ግራም ካደገና ሌላ መርዝ ካልገባበት፣ በእያንዳንዱ ግራም ሥጋው ያለው መርዝ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ዕድገቱ የቆመ አሮጌ ዓሣ ይህ ዕድል የለውም።

ሐ) ስቡንና ጾታውን ተመልከቱ። የሰባው ከከሳው የበለጠ ያከማቻል። ሴቷ ዕንቍላል ስትጥል ከመርዙ ከፊሉን በዕንቍላሉ ስብ ታስወጣለች፤ ይህ እርስዋን ቢያቀላት ጫጩቶቹን ያስጀምራል።

መ) የመርዙን ዓይነት ተመልከቱ። መርዝ ሁሉ አይከማችም። በወንዝ ዓሣ ለማጥመድ የሚጨመረው የብርብራ ፍሬ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለው። እርሱ በፀሐይ ብርሃን ፈጥኖ ስለሚፈርስ በስብ ውስጥ ለዓመታት አይቀመጥም፤ ነገር ግን ትንሹንም ትልቁንም ዓሣ በአንድ ጊዜ ስለሚፈጅ ልንጠቀምበት አይገባም። ዛሬ በየማሳው የሚረጩት እንደ ላምዳ-ሳይሃሎትሪን ያሉት መድኃኒቶችም እንደ ዲ.ዲ.ቲ. ለዓመታት አይቆዩም፤ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት ግን በጣም በጥቂቱ ገዳይ ናቸው። ስለዚህ «አዲሱ መድኃኒት አይከማችም» ማለት «ውሃ ውስጥ ቢገባ ግድ የለም» ማለት አይደለም። አሮጌው መርዝ ትልቁን ያስታቅፋል፤ አዲሱ ትንሹን ይገድላል። ትንሹ ካለቀ ደግሞ ትልቁ የሚበላው አያገኝም፤ ለከርሞ የሚያድግም አይኖርም።

የሞተ ዓሣ ስታዩ

ዓሣ በኩሬ ሲሞት ምክንያቱ ሁልጊዜ መርዝ አይደለም። በውሃው ውስጥ ያለው የሚተነፈስ አየር ሲያንስም ይሞታል። ለመለየት የሚረዳ ምልክት ይኸውላችሁ። አየር ሲያንስ ዓሣው ጎሕ ሲቀድ በውሃው ገጽ ላይ አፉን እየከፈተ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም ትልልቁ ቀድሞ ይሞታል። በርጭት ማግሥት ወይም ከዝናብ በኋላ ጥቃቅኑ ዓሣ፣ የእንቁራሪት ልጅና የውሃ ነፍሳት ቀድመው ካለቁ ግን መርዝን ጠርጥሩ። ምልክቱ ፍርድ አይደለም፤ የልማት ሠራተኛውን ወዲያው ለመጥራት ግን ይበቃል። እንዲህ ሞቶ የተገኘ ወይም የሚንገዳገድ ዓሣ ለሰውም ለከብትም ለውሻም አይሰጥ።

ገበሬው ሊያደርገው የሚገባ

1. መርጫን በሐይቅ፣ በወንዝ፣ በኩሬ ወይም በመስኖ ቦይ ውስጥ ከቶ አትጠቡ። በማሳው ላይ እጠቡት፤ እጣቢውንም በዚያው ሰብል ላይ ርጩት።

2. ባዶ ጠርሙስን ሦስት ጊዜ አለቅልቁ፤ እጣቢውን ወደ መርጫው መልሱ፤ ጠርሙሱንም ብሱት። ውሃ ወይም ዘይት ሊቀዳበት አይገባም።

3. በማሳውና በውሃው መካከል ቢያንስ 20 እርምጃ ያህል ሣር የበቀለበት ስፍራ ተዉ። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ርቀት ከተጻፈ የተጻፈውን ጠብቁ።

4. ነፋስ ሲነፍስ ወይም ዝናብ ሲያረግድ አትርጩ።

5. በወረቀቱ ከተጻፈው መጠን አታብዙ። ተባዩ ሳይታይ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚደረግ ርጭት ገንዘብንም ውሃንም ያጠፋል።

6. ስሙ ያልተጻፈበት፣ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ መድኃኒት አትግዙ። የተከለከለው ዓይነት ሊሆን ይችላል።

ዓሣ ስለ መብላት

ዓሣ ለልጅም ለአዋቂም መልካም ምግብ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ የተነሣ ዓሣን መተው አያስፈልግም። በጥንቃቄ መብላት ግን ይቻላል። ሁልጊዜ ከአንድ ዓይነት ትልቅ ዓሣ ብቻ አትብሉ፤ ቆሮሶውንም መካከለኛውንም አፈራርቁ። ከትልቅ አምባዛና ከትልቅ ቢልጫ የሆዱን ስብ፣ ቆዳውንና ጉበቱን አውጥታችሁ ጣሉ። ዲ.ዲ.ቲ. በእሳት አይጠፋምና መጥበስ ብቻውን አያድንም፤ ነገር ግን ሲጠበስ የሚንጠባጠበው ስብ ከመርዙ ከፊሉን ይዞ ስለሚወርድ፣ ያንን ስብ ለወጥ አታውሉት። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት ይህን ምክር ከሁሉ አብልጠው ሊጠብቁት ይገባል።

ለልማት ሠራተኞች

ከወረዳችሁ ዓሣ ለምርመራ የምትልኩ ከሆነ፣ የዓሣውን ዓይነት፣ ርዝመት፣ ክብደት፣ ጾታ፣ የተያዘበትን ስፍራና ቀን ጻፉ። ከአንዱ ቀበሌ ትልቅ አምባዛ፣ ከሌላው ትንሽ ቆሮሶ ልካችሁ «የዚያኛው ውሃ ይከፋል» ብትሉ ፍርዱ የተሳሳተ ይሆናል። ዓይነትን ከዓይነቱ፣ ትንሹን ከትንሹ፣ ትልቁን ከትልቁ ጋራ አስተያዩ። ትንሹ ዓሣ የዚህን ሰሞን ርጭት ይናገራል፤ ትልቁ የብዙ ዓመት ታሪክ ይናገራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ናሙናውን በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ በበረዶ ላኩት፤ ከመድኃኒትና ከመርጫ ጋራም በአንድነት አትጫኑት።

ገበሬዎችንም ስታስተምሩ በወረቀት ብቻ አትናገሩ። ከርጭት በፊትና በኋላ በውሃው ዳር በወንፊት እየቀዳችሁ ጥቃቅኑን ነፍሳት አብራችሁ ተመልከቱ። ዓይኑ ያየ ገበሬ ሁለተኛ መርጫውን በሐይቅ አያጥብም።

በመጨረሻ ይህን ልብ በሉ። ከአንድ መርጫ የሚፈስሰው እጣቢ ጥቂት ይመስላል፤ ሐይቁም ሰፊ ነው። ነገር ግን ያንን ጥቂት አልጌው ይቀበላል፤ ነፍሳቱ ከአልጌው፣ ትንሹ ዓሣ ከነፍሳቱ፣ ትልቁ ዓሣ ከትንሹ ይሰበስበዋል፤ ከትልቁ ዓሣ በኋላ ያለው ተቀባይ በገበታ ዙሪያ የተቀመጠው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ መርጫችሁን ከውሃ አርቁ።